የሃያ ዓመቷ ቪትዝ ዋጋ ለምን አይወርድም?

ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ መኪና ሊገዛ ተነሣ። "ጋሼ፣ አንድ ቪትዝ አግኝቻለሁ፤ አብረን እንያት" አለኝ። እኔ ቪትዝ ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ በሰፈራችን የቪትዝ ጉዳይ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው።

ሄድን። ብርማ ቀለም ያላት የ2003 (እ.ኤ.አ.) ስሪት ናት። ደላላው ኮፋኖውን ከፍቶ "ሞተሯ ያልተነካ፣ ቀለሟ የፋብሪካ" እያለ ያወራል። የጠራው ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ልጁ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ መኪናዋ ሃያ ሁለት። ትንሽ አመነታና አባቱ ጋ ደወለ። አባትየው በስልክ የመለሱለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ቶዮታ ናት፤ ምን ትሆናለች?"

ይህን አባባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። አባቴ ይሉት ነበር። መካኒኮች ይሉታል። እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለ ሁለቱም ልጻፍ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ዋጋው ከየት መጣ?

መኪና በብዙ አገር እንደ ጫማ ነው። ከሱቅ ከወጣ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ ግን እንደ መሬት ሆኗል። ሰው ቪትዝ ገዝቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሶባት፣ ማታ ማታ ራይድ ሠርቶባት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከገዛበት በላይ ይሸጣታል።

የመጀመሪያው ምክንያት ብሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መኪና በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ መኪና ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ተወደደች።

ሁለተኛው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለአዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ምጣኔውን ዝቅ አድርጎ፣ ያገለገሉትን ክፉኛ ጫናቸው። ከሰባት ዓመት በላይ በቆዩት ላይ የተጣለው እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሐሳቡ ይገባኛል። ያረጀ መኪና ጭሱም አደጋውም ብዙ ነው። ነገር ግን ቪትዝ ድሮም ወደ አገር የምትገባው በአብዛኛው ከርማ ነበር። በሩ ሲጠብ ቀድማ የገባችው ዋጋ አወጣች።

ሦስተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ምንጩ ደርቆ ኩሬው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከኩሬው የሚቀዳው ሰው ግን አልቀነሰም።

እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉንም የቤንዚን መኪና ይመለከታል። ታዲያ በዚያው ዓመት የተሠራ የሌላ ብራንድ መኪና ይህን ዋጋ ለምን አያወጣም? ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የሚባል የምርት ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹን፣ ችግር ሲገጥማችሁ "ለምን?" ብላችሁ አምስት ጊዜ ጠይቁ ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው መልስ ላይ የቆመ ሰው ሥሩን አያገኘውም።

ነገሩ የጀመረው ከሸማኔ ቤት ነው

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከሳኪቺ ቶዮዳ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1867 ከአናጺ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ በእጅ ስትሸምን እያየ ነው ያደገው። ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ያንን ሥራ ለማቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከልጁ ከኪቺሮ ጋር ያወጣው የሽመና ማሽን አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱን ያቆማል።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ግን ትልቅነቱ ይገባዋል። ሸማኔው ዓይኑ ከድሩ ላይ አይነሣም። አንድ ክር ተበጥሶ ሳያየው መወርወሪያውን ከቀጠለ፣ ጥለቱ ከዚያ በኋላ ሁሉ ይበላሻል። ፈትቶ መመለስ አለበት። የሳኪቺ ማሽን የሸማኔውን ዓይን በብረት ውስጥ አስገባው። ስሕተቱ ወደ ቀጣዩ ክር እንዳያልፍ፣ እዚያው ቁም።

እ.ኤ.አ. በ1929 የዚህን ማሽን የፈጠራ መብት ፕላት ብራዘርስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ከገንዘቡ የተወሰነው ልጁ ኪቺሮ ለጀመረው የመኪና ጥናት ዋለ ይባላል። የቤተሰቡ ስም "ቶዮዳ" ነው፤ በጃፓንኛ ጽሕፈት "ለም የሩዝ ማሳ" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለመኪናው "ቶዮታ" ተመረጠ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ይወጣዋል፤ ስምንት እዚያ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ኩባንያው ራሱ በ1937 ተቋቋመ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። ያኔ የቶዮታ የጭነት መኪኖች አስተማማኝ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጂ1 የሚባለው የመጀመሪያው የጭነት መኪና ለእይታ ወደ ቶኪዮ ሲሄድ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ለደንበኛ የተሸጡትም ቶሎ ቶሎ ይቆሙ ነበር። ኩባንያው ያደረገው ነገር መካኒክ ወደ ደንበኛው መላክ ነው። መኪናው ባለበት ሄደው ይጠግናሉ፣ ምን እንደተሰበረ ይጽፋሉ፣ ፋብሪካው ያንን ክፍል ያሻሽላል። ዛሬ "የማይሞት ሞተር" የምንለው ከዚያ ውርደት ነው የተወለደው።

በ1950 ደግሞ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ዕዳ ተከመረ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ። ኪቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ፤ ያው የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና በብዛት አዘዘና ኩባንያው ነፍስ ዘራ። ኪቺሮ ግን ያን ትንሣኤ በወጉ ሳያይ በ1952 ዐረፈ።

በ1957 ቶዮታ ክራውን የተባለችውን መኪና ይዞ አሜሪካ ገባ። ለጃፓን ጠባብ መንገድ የተሠራች መኪና ናት። በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ አቅም አነሳት፣ ሞተሯ ጋለ። ብዙም ሳይቆይ የቤት መኪና መላኩን አቆሙ። እዚያ ስማቸውን ይዞ የቆየው ላንድክሩዘር ነው። የላንድክሩዘር አባት በ1951 የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ያስመሰከረ መኪና ነበር። በእኛም አገር በርካታ የገጠር ወረዳዎች ቶዮታን መጀመሪያ ያወቁት በእሱ ነው። የጤና ክትባት የሚመጣው በእሱ ነው፣ የእርዳታ እህል ቆጣሪው የሚመጣው በእሱ ነው። ገጠር ያደገ ሰው የነጭ ላንድክሩዘር አቧራ ከሩቅ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

ሶማሌ ተራ ላይ ያለው ምስጢር

ከላንድክሩዘር ጋር ሌሎቹ መጡ። ኮሮላ ዲኤክስ መጣች፤ ዛሬም ጎማዋ ይዞራል። ሃይስ መጣ፤ ሕዝቡ ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ ስም አወጣለት። የከተማው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በአብዛኛው እሱ ነው። አንድ ሚኒባስ በቀን ስንት ጊዜ ማርሽ እንደሚቀይር፣ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደሚይዝ አስቡት። ያን ሁሉ የሚያስተናግደው ጋራዥ ነው። ጋራዡ ቶዮታ ላይ ተማረ።

ይህን ነው ብዙ ሰው የማያየው። "ቶዮታ አይበላሽም" እንላለን። ይበላሻል። የእኔዋ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሞተሪኖ ቀይራለች፣ የጎማ ኩሽኔታ ቀይራለች፣ ራዲያተር ቀይራለች። ልዩነቱ፣ ጠዋት ቆማ ከሰዓት መነሣቷ ነው። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ለአንድ ሱቅ "የቪትዝ ኩሽኔታ" ስል፣ ልጁ ከመደርደሪያው ሳይነሣ "አንደኛዋ ናት ሁለተኛዋ?" ነው ያለኝ፤ የመጀመሪያዋን ሞዴል ወይስ ተከታይዋን ማለቱ ነው። ቀጥሎ "ኦሪጅናል ነው ቻይና?" አለኝ። ሁለቱም እጁ ላይ ነበሩ። ሦስተኛ ጥያቄ አልነበረውም። የማንንም ሌላ ብራንድ ዕቃ ስትጠይቀው ስልክ ያነሣል፣ "ነገ ተመለስ" ይላል፣ ከዚያ ከዱባይ ይመጣል ይልሃል።

ስለዚህ ለቪትዝ ከምንከፍለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለብረቱ አይደለም። በየመንደሩ ላለው መካኒክ፣ በሶማሌ ተራ ላለው መደርደሪያ፣ ሲሸጧት በሳምንት ገዢ ለመገኘቱ ነው የምንከፍለው። ብዙ ሰው ስለያዛት ዕቃዋ ይገኛል፤ ዕቃዋ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይይዛታል። ይህ ክብ ከተዘጋ በኋላ ሌላ መኪና ሰብሮ መግባት ይከብደዋል። ይኸው ክብ ክፉ ጎንም አለው። ዕቃዋ ስለሚሸጥ ሌባም ይወዳታል። ስፖኪዮው መስታወት ላይ የሰሌዳ ቁጥሩን ያስጻፈ የቪትዝ ባለቤት ብዙ ነው።

ሞተሯም ለኪሳችን የተመጠነ ነው። አንደኛዋ ባለ አራት ፒስቶን፣ ሁለተኛዋ ባለ ሦስት ፒስቶን፤ ሁለቱም 1,000 ሲሲ፣ ጉልበታቸው 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አራት ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ኤሲውን ያጠፋል፣ ማርሹን ያወርዳል፣ ወሬውም ያቆማል። ቢሆንም ትወጣለች። በከተማ ግርግር የእኔዋ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ይህ ቁጥር የስንት ቤት ወጪ እንዳዳነ የሚነዳ ያውቀዋል።

መሪዋ የት ነበር?

አሁን ወደማይወራው ልምጣ። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበች። ቅርጿን ያወጣው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠችና በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። "ቪትዝ" የሚለው ስም ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሰጠ ነው። ጃፓን ደግሞ በግራ መስመር ነው የሚነዱት፤ መሪያቸው በቀኝ ነው።

እኛ ጋ መሪ በግራ ነው። እንግዲህ ከኋላዋ በፋብሪካ "ቪትዝ" የሚል የተለጠፈባት መኪና መሪዋ በግራ ከሆነ፣ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ አንድ ሰው አዙሮታል። ብዙዎቹ የዞሩት በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በተለይም በኤምሬትስ ባሉ ጋራዦች ነው። አንደኛዋ ቪትዝ ፍጥነት የምታሳየው ከመሪው ኋላ ሳይሆን በዳሽቦርዱ መሃል ነው። ለፋብሪካው አንዱን ዳሽቦርድ ለሁለቱም ዓይነት አገር ማስማማት ቀለለው። መሪ ለሚያዞረውም እንደዚያው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሸጠልኝ ሰው "ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ግራ መሪ ናት" ብሎ ምሎልኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የኤሲው ጋዝ እየሸሸ አስቸገረኝና መካኒኩ ዳሽቦርዱን አወረደው። ከዚያ "ና ተመልከት" ብሎ ባትሪ አበራልኝ። በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ባለው የላሜራ ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ላሜራ ተበይዷል። የድሮው መሪ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። በግራ በኩል ያለው አዲሱ ቀዳዳ ጠርዙ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል፤ ዳር ዳሩን ዝገት ጀምሮታል። የፍሬን ፔዳሉ የቆመው በዚያ ላሜራ ላይ ነው። ለሦስት ዓመት ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ የረገጥኩት ፍሬን ማለት ነው። ብየዳውን በባለሙያ አስፈተሽኩት፣ አጠናከርኩት። ዛሬም እየነዳኋት ነው። ነገር ግን ያንን ላሜራ ካየሁ ወዲህ "ቶዮታ ናት፤ ምን ትሆናለች?" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ቶዮታ ያንን ብየዳ አልበየደውም።

ዳሽቦርድ ሳያወርዱም ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ ቁጥሯ አጭር ነው፤ እንደ "ኤስሲፒ10" ወይም "ኬኤስፒ90" ባለ መለያ ይጀምርና ጭረት፣ ከዚያ ቁጥር ይከተላል። ለውጭ ገበያ የተሠራችው ያሪስ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። "ቪኤንኬ" ብሎ ከጀመረ ፈረንሳይ ቫለንሲየን ያለው የቶዮታ ፋብሪካ ያወጣት ናት፤ በአብዛኛው ግራ መሪ ሆና ነው የተወለደችው፤ ለእንግሊዝ የተሠሩት ግን ቀኝ መሪ ናቸው። ያሪስ ከቪትዝ የምትወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ተገቢም ነው።

የዝናብ መጥረጊያውንም ያስነሡት። የጃፓኗ መጥረጊያ ቀኝ ወገን የተቀመጠውን ሾፌር ዓይን ለማጽዳት የተለካ ነው። መሪው ሲዞር መጥረጊያው ካልተቀየረ፣ የሾፌሩ የግራ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ከግራ የሚመጣ እግረኛ የሚጠፋው እዚያ ጥግ ውስጥ ነው።

መብራቱ ደግሞ ይብሳል። የመኪና የፊት መብራት እኩል አይበራም። ከፊት የሚመጣውን እንዳያጭበረብር በአንድ በኩል ዝቅ፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ በሌላው በኩል ከፍ ይላል። የጃፓን መብራት ከፍ የሚለው በግራ ነው፤ እዚያ የመንገዱ ዳር ግራ ነውና። እኛ ጋ በግራ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣ ሰው ነው። ማታ ማታ በቀለበት መንገድ ላይ "ይሄ ሰውዬ ረጅም መብራት አብርቶ ነው እንዴ የሚሄደው?" እያልን የምንበሳጭበት ሾፌር፣ አጭሩን ያበራ ምስኪን ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው የማይደርሰን ሰዎች

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ኤርባጉ፣ በግጭት ሰዓት የሚነፋው የአየር ከረጢት ነው። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ለበርካታ የመኪና አምራቾች ኤርባግ ይሠራ ነበር። ኤርባጉን የሚነፋው ጋዝ የሚወጣው ከአሞኒየም ናይትሬት ነው። ይህ ንጥረ ነገር በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ጠባዩን ይለውጣል። በግጭት ሰዓት ከሚገባው በላይ በኃይል ይፈነዳና የያዘውን የብረት ዕቃ ሰባብሮ ወደ ሾፌሩ ፊትና አንገት ይረጨዋል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በዚህ ጉዳይ በዓለም ዙሪያ 5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2003 እስከ ኅዳር 2007 የተሠሩ ናቸው፤ ኮሮላና ቪትዝ አሉበት። እነዚህን ወሮች ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባ ላይ የሚሽከረከሩት ቪትዞች ስንቶቹ የዚያ ዘመን ናቸው! ጃፓን ያለ ባለቤት ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በነፃ ይቀየርለታል። ከጃፓን ዱባይ፣ ከዱባይ ጅቡቲ የተሻገረች መኪና ባለቤት ግን በማን መዝገብ ላይ አለ? ደብዳቤው የተላከው የዛሬ አሥር ዓመት ለሸጣት ሰው አድራሻ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጋምቤላን በመሰለ ሙቀትና እርጥበት ባለበት አካባቢ የሚነዳ ሰው ይህን ችላ ባይል ደስ ይለኛል።

ቁጥሯን ማረጋገጥ ይቻላል። የቶዮታ የጃፓን ድረ ገጽ የሻንሲ ቁጥር አስገብቶ ጥሪ እንዳለባት ማየት ይፈቅዳል። ገጹ በጃፓንኛ ነው፤ ስልክ ላይ ያለ መተርጎሚያ ይበቃል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መሪዋ የዞረ መኪና ከሆነች ደግሞ ኤርባጉ ጭራሽ ላይኖር ይችላልና እሱንም ያስፈትሹ። ቁልፍ ሲከፈት የኤርባጉ ምልክት በርቶ ካልጠፋ፣ ወይም ጭራሽ ካልበራ፣ የሆነ ሰው ነካክቶታል።

ቶዮታ ራሱም ከስሕተት ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ፔዳላቸው ወደ ታች ይዞ በሚቀር መኪኖች ምክንያት ሚሊዮኖች ተጠሩ። የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዕድገታችን ከሚገባው በላይ የፈጠነ ይመስለኛል አለ። ኩባንያው በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ በቶዮታ ሥር ያለው ዳይሃትሱ በ64 ሞዴሎች ላይ የደኅንነት ፍተሻ ሲያጭበረብር መቆየቱ ታወቀ። ክር ሲበጠስ ቁም ያለው ቤት ነው ይህን ያደረገው። ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ቀጣዩ መደርደሪያ

ልጁ "ለምን ኤሌክትሪክ አልገዛም?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን አውጥቶ ቤንዚንና ባትሪን ያቀላቀለ ቀዳሚ ነበር። በሙሉ ኤሌክትሪክ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። በ2022 ያወጣው ቢዜድፎርኤክስ ገና ከመውጣቱ የጎማ ብሎኑ ሊላላ ይችላል ተብሎ ተጠርቶ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይታያል። ብዙዎቹ ከቻይና ገበያ የመጡ ናቸው፤ ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው።

ልጁን ያልኩት ይህን ነው። የብራንዱን ስም አትመልከት፤ ሲበላሽ ማን እንደሚነካው ጠይቅ። ቪትዝን ቪትዝ ያደረገው የሃያ ዓመት መካኒክና የሃያ ዓመት መደርደሪያ ነው። ለኤሌክትሪኩም ያ መደርደሪያ ይሠራል፤ ግን ገና እየተሠራ ነው። ባትሪ የሚፈትሽ ባለሙያ በሰፈርህ ካለ ግዛ። ከሌለ ትንሽ ቆይ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ኤሌክትሪክ ገዝተው በነዳጅ ወረፋ ከመጉላላት የተገላገሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ደስተኞች ናቸው።

ብርማዋን ቪትዝ መጨረሻ ላይ ገዛት። ቁጥሯ "ኤስሲፒ10" ነው፤ መሪዋ የዞረ ነው። ደላላው መጀመሪያ ካደ፤ መጥረጊያውን አስነሥተን ያልተጠረገውን ጥግ ስናሳየው ዝም አለ። ዋጋውን ቀነሰ። ብየዳውን ለመካኒክ አሳየንና ደህና ሆኖ ተገኘ። በቀነሰው ብር ፍሬኑን አሠራ፣ አራት ጎማ ቀየረ፣ ኤርባጉን የሚፈትሽ ሰው ያዘ።

ከሶማሌ ተራም ከተጋጨች ያሪስ የወጣ ጥንድ የፊት መብራት አገኘን። ቅዳሜ ከሰዓት አስገጠምነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በቀለበት መንገድ ወጥተን ሞከርናት። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። ከፊት አንድ አይሱዙ መጣ። ልጁ መሪውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። አይሱዙው መብራቱን ብልጭ ሳያደርግብን አለፈ።